ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ፣ ጠቅ ጠቅም ይላል፤ አዲስ ልግዛ ወይስ ራም ልጨምር?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ኮር አይ 3፣ አራተኛ ጄኔሬሽን ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 10 ነው። ጠዋት እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲብስ ስታክ ያደርጋል። ሰሞኑን ደግሞ ከውስጡ አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አመጣ። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌው ለሳምንት ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው ነው። ሌዘር ፕሪንተሬም በየገጹ ጥቁር ነጥብ ይደጋግማል። ስክሪኑም አንዳንዴ ድርግም ይላል። አንዱ ባለሙያ አዲስ ግዢ አለኝ፤ ሌላው ራም ጨምሪ፤ ሦስተኛው እንደገና ፎርማት ይደረግ። ያለኝ ብር ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል። የደንበኞቼ ፋይል በሙሉ እዚያው ላይ ነው። ከየቱ ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን የምታነቢው በዚያው ኮምፒውተር ከሆነ የጀመርሽውን ሥራ ሴቭ አድርጊና ዝጊው። ቀሪውን በስልክሽ አንብቢ። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ነው። መንቀራፈፉን ሰው ይታገሠዋል። ነጥቡም መላ አለው፤ ስክሪንም ይቀየራል። የደንበኛ ፋይል ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

መልሴን ባጭሩ ላስቀድም። አዲስ ኮምፒውተር አሁን አትግዢ። ፎርማትም አታስደርጊ። መጀመሪያ ፋይሎችሽን አውጪ፤ ከዚያ ያለሽን ብር ኤስኤስዲ ላይ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ፈጣን ማስቀመጫ ላይ፣ አውዪው። ራም ቀጥሎ ይመጣል። ምክንያቱን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ እነግርሻለሁ፤ ምክንያቱን ካወቅሽ ነገ አራተኛ ባለሙያ መጥቶ ሌላ ነገር ቢልሽ አትደናገሪም።

ከድምፁ እንነሳ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች አሉ። በዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በላያቸው አንዲት ቀጭን ክንድ ትመላለሳለች። ጫፏ ላይ ያለችው ማንበቢያ ሳህኑን አትነካውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጥቂት ናኖሜትር የሚለካ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ነው፤ እንግዲህ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ገምቺ። ማንበቢያዋ የምትፈልገውን መስመር ስታጣ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች፤ እንደገና ትሞክራለች። ጠቅ የሚለው ያ መመላለስ ነው።

ጤነኛ ሃርድ ዲስክም ቢሆን ሲሠራ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ፋን ላይ ሽቦ ሲያርፍም ድምፅ አለው፤ እሱ ግን ሳያቋርጥ ቶሎ ቶሎ ይላል። ለመለየት፣ ፋይል ለማውጣት ስታበሪው ጆሮሽን ወደ ሣጥኑ አስጠጊና አንድ ፎልደር ክፈቺ። ጠቅ ባለ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ድምፁ ሲያቆም ደግሞ ሥራው ከቀጠለ፣ ዲስኩ ነው። አንቺ ከነገርሽኝ ስነሳ እኔ ዲስኩ ነው ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ወደ ፎርማቱ። ከተማችን ውስጥ የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ሆኗል። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንት ሰው የሠርግ ፎቶውንና የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣው በዚህ ነው። ላንቺ ለሳምንት ደህና የሆነበት ምክንያት አለው። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው። ዲስኩም የደከሙ ቦታዎቹን ትቶ በመጠባበቂያ ቦታዎች ይተካቸዋል። ከዚያ አፕዴቱ ይመጣል፣ አንቲቫይረሱ ይመጣል፣ ፋይሉ ይከማቻል፣ የደከመው ቦታም እየሰፋ ይሄዳል። ፎርማቱ የሸፈነው ምልክቱን ነው፤ ዲስኩን አላዳነውም። የባሰው ደግሞ፣ ሳይገለበጥ የቀረ ፋይል ካለ አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማውጣት ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ አድርጊው። የድሬ ከሰዓት ለታመመ ዲስክ ጥሩ ሰዓት አይደለም። ሌላ ፕሮግራም አትክፈቺ፤ ኢንተርኔቱንም ንቀዪው፤ አለበለዚያ ዊንዶውሱ መሃል ላይ አፕዴት ልሥራ ይልሻል። ሙሉ ዲስኩን ክሎን እናድርገው፣ ማለትም እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጠው፣ የሚል ቢመጣ እሺ አትበዪ። ክሎን ሲደረግ የተበላሸውም ቦታ በግድ ይነበባል፤ ዲስኩ ዋናው ፋይል ጋ ሳይደርስ ሊሞት ይችላል። በእጅሽ፣ እየመረጥሽ ቅጂ። መጀመሪያ ምትክ የሌላቸው ይውጡ፦ የደንበኞች ውል፣ ማመልከቻ፣ ለወረዳና ለፍርድ ቤት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶች፣ የተማሪዎች ጽሑፍ። የወርድና የፒዲኤፍ ፋይል ትንሽ ነው፤ የዓመታት ሥራ አንድ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሊገባ ይችላል። ፎቶና ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ዘፈንና ፊልም ካለ ተዪው። አንድ ፋይል ላይ ከቆመ እሱን ዝለዪና ቀጥዪ፤ በመጨረሻ ትመለሺበታለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ጽሕፈት ቤት ነሽና በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ይኖሩሻል። እነዚያ ፋይሎች አማርኛ የሚመስሉት በፎንታቸው ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። ሰው ታዲያ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን አብረሽ ቅጂ። የፕሮግራሙንም መጫኛ ካለሽ አስቀምጪ። በተለይ የምትፈልጊያቸውን ሰነዶች ፎንቱ እያለ በፒዲኤፍ ሴቭ አድርጊያቸው፤ የትም ይከፈታሉ።

ቀድተሽ ስትጨርሺ የተወሰኑትን ከፍላሹ ላይ ከፍተሽ እዪ። ስሙ አለ ማለት ውስጡ አለ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ቤትሽ ይቀመጥ። ያን ቅጂ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ማሽን ላይ ሰክተሽ አትተዪው። የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ፍላሽ ሁሉ ይቀበላል። ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ እንዴት እንደሚዛመት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስገቢ። ዲስኩ ራሱ ስለ ጤናው የመዘገበውን ያነብልሻል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቂ፣ ቀይ ከሆነ አልቆለታል ማለት ነው። ቢጫ አይቶ «ትንሽ ይቆያል» የሚልሽን አትስሚ። ቢጫ የሆነ ዲስክ ላይ የሰው ውል አይቀመጥም። ሰማያዊ ሆኖ ጠቅ ጠቁ ካልተወም እመኚው አልልሽም፤ ጆሮሽ ከፕሮግራሙ ሊቀድም ይችላል። ጠቅታው ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ የማያቆም ከሆነና ዊንዶውሱ ጭራሽ ካልገባ ደግሞ ደጋግመሽ አታብሪው። በየሙከራው ጉዳቱ ይጨምራል። ክዳኑን የሚከፍትም ሰው አይቅረበው፤ በእኛ አቧራ ውስጥ የተከፈተ ሃርድ ዲስክ ከዚያ ወዲያ ዲስክ አይሆንም።

አሁን ገንዘብሽን የት እንደምታውዪ እንነጋገር።

ራም ጨምሪ ያለሽ ሰውዬ ግማሽ እውነት አለው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ዘርግቶ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ መጋዘኑ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ይይዛል። 4 ጊጋ ራም ላይ ዊንዶውስ 10 ራሱ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ወርድና ብራውዘር ሲከፈቱ ይሞላል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ ተመልሶ ያነሳዋል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ሃርድ ዲስክ ክንዱን ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰ ስለሚያነብ ተበታትነው የተቀመጡ ነገሮችን በሰከንድ መቶ ያህል ጊዜ ቢያነሳ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያነሳል። ስለዚህ ራም ብቻ ብትጨምሪ መመላለሱ ይቀንሳል፤ ግን ሲነሳ ያው ይንቀራፈፋል፤ ዲስኩም ያው እየሞተ ነው። ኤስኤስዲ ብታስገቢ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታቃልያለሽ።

የኔን ቃል ብቻ አትመኚ፤ ራስሽ እዪው። ፋይልሽ ከወጣ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዲስክ የሚለው ዓምድ 100 በመቶ ላይ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩ 10 እና 15 ላይ የሚጫወት ከሆነ፣ ፕሮሰሰርሽ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ግዢ ለሚልሽ ይህንኑ አሳዪው። ያንቺ ኮር አይ 3 ለወርድ፣ ለስካንና ለጉርድ ፎቶ ይበቃል።

ኤስኤስዲ ስትገዢ ለዚያ ማሽን የሚሆነው 2.5 ኢንች፣ ሳታ የሚባለው ዓይነት ነው። ኤም 2 ወይም ኤንቪኤምኢ የሚባሉት እንደ ማስቲካ ቀጫጭን የሆኑት ፈጣን ናቸው፤ ግን የአራተኛ ጄኔሬሽን ቦርዶች አብዛኞቹ ማስገቢያው የላቸውም። 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃሻል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲገባ 240ው ወደ 223 ሆኖ ይታያል፤ ተጭበረበርኩ ብለሽ አትደንግጪ። አምራቹ በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ያንቺ 500 ጊጋም 465 ነው የሚለው፤ ሄደሽ እዪው።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። የትም ገበያ ባለ 1 ቴራ ወይም 2 ቴራ ፍላሽና ኤስኤስዲ በማይታመን ዋጋ ይቀርባል። ውስጡ 16 ወይም 32 ጊጋ ሆኖ ቴራ ነኝ እንዲል የተደረገ ነው። ስትገለብጪበት ይቀበላል፤ ከሞላ በኋላ የድሮውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። የምታውቂው ፋይሉን ስትከፍቺ ነው። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄደሽ ስትገዢ ዋስትና የሚሰጥና ሱቁን የማይቀይር ነጋዴ ፈልጊ። ቤት ስትገቢ ኤች 2 ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ አስሞዪው። ሞልቶ መልሶ ያነብበዋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እውነቱን ይነግርሻል።

ኤስኤስዲ ላይ አንድ ሐቅ ልንገርሽ፤ ሻጩ አይነግርሽም። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ እያጉረመረመ፣ ጠቅ እያለ ነው የሚሞተው። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሠርቶ ዛሬ ጠዋት ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ ላይ ፋይል ማውጣትም ከሃርድ ዲስክ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ ኤስኤስዲ ከገባም በኋላ ይቀጥላል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቅ ከመዝጋትሽ በፊት ብታደርጊው ልማድ ይሆናል። ጥግ እስኪደርስ አትሙዪውም፤ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ባዶ ተዪለት።

ራሙን ብር ሲገኝ ወደ 8 ጊጋ አሳድጊው። የአራተኛ ጄኔሬሽን ዴስክቶፕ የሚወስደው ዲዲአር 3 ነው። ዲዲአር 4 አይገባም፤ መሃሉ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ሌላ ነው። በግድ የሚያስገባ ቢመጣ እጁን ያዢው። አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በጣም ርካሽ የሆኑ ዲዲአር 3 ራሞች ገበያ ላይ አሉ፤ የሚሠሩት በኤኤምዲ ቦርድ ላይ ብቻ ነው። ያንቺ ኢንቴል ነው። አስገብተሽ ብታበሪው ስክሪኑ ጨለማ ይሆንብሻል። ስለዚህ ሣጥኑን ይዘሽ ሂጂና እዚያው ይሞከርልሽ። ዊንዶውሱም 64 ቢት መሆኑን አረጋግጪ፤ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም።

ከሰዓት በኋላ ስታክ የሚያደርገው ነገር ዲስኩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ከዚያም ይበልጣል። ፕሮሰሰር በጣም ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክዳኑን ክፈቺና ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ፋን እዪ። ከፋኑ ሥር፣ በብረቱ ክንፎች መካከል፣ አቧራው ተጋግሮ ግራጫ ምንጣፍ ሠርቶ ታገኚዋለሽ። ፋኑ ይዞራል፣ ንፋሱ ግን አያልፍም። ሶኬቱን ነቅለሽ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትሽ ይዘሽ፣ በብሎወር አስነፊው። ከውጪ በኩል ይሁን፤ ሱቅ ውስጥ ካስነፋሽው አቧራው ፕሪንተሩ ላይ ነው የሚያርፈው። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ ትንሽ ወጪ ነው። ሣጥኑን ደግሞ ከወለል አንሺው፤ በተለይ በር አጠገብ ከሆነ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚነሳው አቧራ የሚገባው ታች ነው።

ወደ ፕሪንተሩ ልምጣ። ነጥቡ የሚደጋገም መሆኑን መጻፍሽ ጥሩ ነው፤ መልሱ እሱ ውስጥ አለ። ማስመሪያ አምጪ። ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ለኪ። በእነ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 እና ፒ1102 ዓይነት ትናንሽ ፕሪንተሮች ላይ ርቀቱ 75 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ድራሙ ነው። ድራም ካርትሪጁ ውስጥ ያለው የሚያብረቀርቅ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሆነ ሲሊንደር ነው። አንድ ዙር ሲዞር ወደ 75 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይሸፍናል። ላዩ ላይ አንዲት ጭረት ካለች በየዙሩ አንድ ነጥብ ትጥላለች፤ ኤ4 ገጽ ላይ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ማለት ነው። ርቀቱ ከዚህ የተለየ ከሆነ ሌላ ሮለር ነው፤ ለኪና ለሚሠራልሽ ሰው ቁጥሩን ንገሪው፤ በግምት ከመፈታታት ያድነዋል።

ድራሙ ለምን ተጫረ? ብዙውን ጊዜ ዱቄት ተደጋግሞ ስለተሞላ ነው። 12ኤ የሚባለው ካርትሪጅ አዲስ ሲሆን 2,000 ገጽ፣ 85ኤ ደግሞ 1,600 ገጽ እንዲያትም የታሰበ ነው። ያውም ከገጹ 5 በመቶው ብቻ ቀለም ሲነካው ተብሎ የተሰላ ነው። የመታወቂያ ኮፒና ጥቁር የበዛበት ፎቶ ከዚያ በላይ ይበላል። ስታስሞዪ ዱቄቱ ብቻ ከተጨመረና ድራሙና ጠራጊው ላስቲክ ካልተቀየሩ፣ የተጣለው ዱቄት የሚጠራቀምበት ቦታም ካልተራገፈ፣ ነጥብና ጥላ ይመጣል። ማስሞላትን አልቃወምም፤ የኮፒ ቤት ሥራ ያለሱ አያዋጣም። ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙሌት ላይ ድራሙም ይቀየር በዪ። ካርትሪጁን ደግሞ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው። ድራም ብርሃን ይጎዳዋል፤ ለአፍታም ቢሆን በጨርቅ ሸፍኚው።

ነጥቡ ከኮምፒውተር ስታትሚ የሌለ፣ ኮፒ ስታደርጊ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ካርትሪጁ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ የስካነሩ መስታወት ላይ ነው። አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ አውጥተሽ ጎን ለጎን እዪያቸው። መስታወቱን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ሁለት ወረቀት አንድ ላይ የሚስብብሽ ከሆነ ደግሞ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ወረቀቱ በኤሌክትሪክ ተጣብቆ ነው። ከመጫንሽ በፊት ጥቅሉን አራግቢው። ወረቀቱን የሚስበውን ላስቲክም ውኃ በነካው ጨርቅ ጥረጊ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሌዘር ፕሪንተሮች እስከ 32 ዲግሪ አካባቢ ባለ ክፍል እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። ውስጣቸው ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ደግሞ ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ እኩለ ቀን ላይ መቶ ገጽ ባንድ ትንፋሽ አታስወጪበት። ትልልቁን ሥራ ለጠዋት አቆዪው።

ስክሪኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ድርግም ሲል መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን የቪጂኤ ገመድ በሁለቱም በኩል ነቅለሽ መልሰሽ ስኪ፤ ብሎኖቹንም አጥብቂ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው። ካልሆነ ሲጨልም ጠብቂና የስልክሽን ባትሪ ስክሪኑ ላይ በጎን አብሪ። ጽሑፉ በደብዛዛው ከታየሽ ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው። ያረጀ ሞኒተር ከሆነ ማሠራቱ አያዋጣም፤ ዩዝድ ሌላ ይገዛል። አንቺ ግን አትክፈቺው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ያቆያል።

መብራቱን ሳልነካ ብጨርስ ሥራዬን በግማሽ ተውኩት ማለት ነው። ድንገት መጥፋቱም ሆነ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ዝቅ ዲስክን ይጎዳል፤ ኤስኤስዲም አይቀርለትም። ዲቫይደር ብቻውን ምንም አይከላከልም፤ ቀዳዳ ማብዣ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ያስፈልግሻል። ጥቅሙ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ ሴቭ አድርገሽ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሻል። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ዩፒኤሱ ላይ በጭራሽ አትሰኪ። ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ዩፒኤሱንም ፀሐይ የማያገኘው ጥግ አስቀምጪው። የዩፒኤስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዩፒኤስ እስክትገዢ ድረስ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀዪ። ሲመጣ ትንሽ ቆይተሽ፣ ከረጋ በኋላ ስኪው።

አዲስ ግዢ ያለሽ ሰውዬም አንድ ነጥብ አለው፤ አላዳላበትም። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት አፕዴቱን፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ያንቺ ማሽን ደግሞ ለዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚፈቀዱት ውስጥ አይደለም፤ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ለጽሕፈትና ለኅትመት ተጠቀሚበት፤ የባንክ ሥራሽን ግን በእሱ አትሥሪ። ወደፊት ስትገዢ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ዩዝድ አትግዢ። አሁን የምትገዢው ኤስኤስዲ ያኔ ተነቅሎ አዲሱ ውስጥ ይገባል፤ ብርሽ አይባክንም።

የወጣው ሃርድ ዲስክ ላይ አደራ አለብኝ። ለቆራሊዮ አትስጪው፤ ለመለዋወጫም አትሽጪው። ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ይወጣል። እዚያ ላይ የሰው መታወቂያ፣ የቤት ውል፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ አለ። ሰዎቹ ለአንቺ ያመጡት አምነውሽ ነው። ፋይሉ ሁሉ መውጣቱን ካረጋገጥሽ በኋላ ዲስኩን በመሰርሰሪያ እስከ ሳህኖቹ ድረስ አስበሺው።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳየሽን ገጽ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ላኪልኝ። የትኛውን ራም እንደሚቀበልና ስንት ማስገቢያ እንዳለው ከዚያ ተነስቼ እነግርሻለሁ። አይዞሽ፤ ብቻ የነገውን ጠዋት ለቅጂው ስጪ።